ሟቹ በሁለተኛው ረድፍ

ሰኞ 3

የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ዛሬ ለሳይንስ አሳልፎ ሰጠኝ። ክፍል መሀል አስነስቶኝ፣ «ይህችን ውሰጂያት፤ ምላሷ እዚህ ከሚያስቸግረን እናንተ ጋ ቢሠራ ይሻላል» አለ። የተሰጠሁት ለአንዲት ተመራማሪ ነው። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ታጠናለች፤ ዘንድሮ ደግሞ ወንዙ ዳር ያለውን የኛን ሰፈር ለጥናቷ መርጣለች። ሰፈራችን ለምንም ነገር ተመርጦ ስለማያውቅ ሁሉም ደስ ብሎታል፤ ለምን እንደተመረጠ እስኪገባው ድረስ።

ሴትየዋ አፏን ከከፈተች «ቢሆንስ» አይቀርም። ዝናቡ ባይቆምስ? ድልድዩ ቢዘጋስ? ሌሊት ቢሆንስ? እኔም ወዲያው ስም አወጣሁላት፦ ወይዘሮ ቢሆንስ። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ። እዚህ ግን ደብተሩ የኔ ነው፤ አክብሮቴን ከቦርሳዬ ጋር በር ላይ ጥዬ ነው የምገባው።

ሥራዬ ታሪክ መጻፍ ነው ተብያለሁ። ሳይንቲስት ታሪክ ምን ያደርግለታል?

ረቡዕ 5፣ ማታ

በሰፈሩ አዳራሽ ስብሰባ ነበር። ወይዘሮ ቢሆንስ በፕሮጀክተር ወደ ላይ የሚወጡ መስመሮችን፣ ከዚያ በመቶኛ የተሞላ ሰንጠረዥ፣ ከዚያ እንደገና መስመሮችን አሳየች። ትልልቆቹ ሰዎች በአክብሮት ተኙ። አስተማሪያችን ራሱ ዓይኑን ገልጦ የሚተኛበት ዘዴ እንዳለው ዛሬ ነው ያወቅሁት።

ከአያቴ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር ቆራጭ ግን እጁን አወጣ። «እመቤቴ፣ መቶኛውን ይተዉትና፣ ውሃው በየትኛው በር ነው የሚገባው?»

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፕሮጀክተሩን አጠፋችው። «እኔም ለእሱ ነው የመጣሁት» አለች።

እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሳልወለድ እዚህ ሰፈር የገባ ጎርፍ አለ። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ደመና፣ ያንኑ ሳምንት ይወስዱና «ዓለም ከዚያን ጊዜው የበለጠ ሞቃት ብትሆንስ?» ብለው በኮምፒውተር እንደገና ያዘንቡታል። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል። እንደ እናቴ ቦርሳ ማለት ነው፤ ይጨመርበታል፣ ይጨመርበታል፣ አንድ ቀን ማንገቻው ይበጠሳል። (የቦርሳው ነገር የኔ ነው። ለሷ ስነግራት ግን ጻፈችው።) ከዚያ ውሃው እስከየት እንደሚደርስ ያሰሉና የታሪክ መስመር ያወጣሉ፤ አንደኛው ቀላል፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ክፉ። «ትንቢት አይደለም» አለች። «የትኛው እንደሚመጣ አናውቅም። ቢመጣ ምን እንደሚመስል ግን እናውቃለን።» በየመስመሩ ላይ አንድ ሰው መቆም አለበት። ሰው ካልቆመበት ማንም አያየውም።

ሁለቱን መስመሮች ሌሎች ተማሪዎች ወሰዱ። ሦስተኛው ለኔ ደረሰ። ክፉ ነገር ሲሆን ሁልጊዜ እኔን ያስታውሱኛል።

ስንመለስ አያቴ ክንዴን ይዞ፣ «ሴትየዋ ባጭሩ ምን አለች?» አለኝ።

«ይዘንባል አለች።»

«ተመስገን!»

አያቴ ጃንጥላ ጠጋኝ ነው። ሌላ ሰው ደመና ሲያይ የተሰጣ ልብሱን ያስገባል። አያቴ ሱቁን ይከፍታል።

ቅዳሜ 8

ዛሬ የቤታችን ዓመታዊ ጦርነት ተጀመረ። ቦታው፦ እኔና እናቴ ላይ ቤት እንኖራለን፣ አያቴ ታች፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ያድራል፤ ደረጃ ጉልበቱን ያመዋል። ወንዙ ከሱቁ በር ብዙ አይርቅም። አጎቴ ደግሞ ኮረብታው ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ይኖራል፤ ሊፍት አለው፣ ስለ ሊፍቱም ብዙ ያወራል።

«አባዬ፣ ዝናቡ እስኪያልፍ ልጅህ ጋ ሂድ» አለች እናቴ። ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታስጠነቅቅ ስለምትውል ማታም አያቆማትም።

«ዝናብ ሲመጣ ሱቁን የሚዘጋ ጃንጥላ ጠጋኝ የት አየሽ?»

«ውሃ ቢገባስ?»

«እኔን ውሃ አይደፍረኝም። ስንት ዓመት አብረን ሠራን!»

እናቴ ወደ ኩሽና ጎትታ ወሰደችኝ። «አንቺን ነው የሚሰማው። ወርደሽ አናግሪው። እዚያ ክፍል ውስጥ እንዳለ ውሃ ቢመጣበት ምን ይውጠናል?» ዓይኗ እርጥብ ነበር። ሽንኩርት አልነበረም፤ አይቻለሁ።

ወረድኩ።

«መጣሽ፣ አንቺ መዝጊያ የሌለሽ ሬዲዮ?»

«መጣሁ፣ የዛገው ሽቦ።»

«ማን ላከሽ?»

«ሳይንስ።»

«ሳይንስን መጀመሪያ ጉልበቴን ጠግኚ በያት። ከዚያ እንኳን ደረጃ ኮረብታም እወጣለሁ።»

ከዚያ የሚሠራበትን የጃንጥላ ሽቦ አቀበልኩት፣ ስለ ፀጉር ቆራጩ ራሰ በራነት አወራን፣ ተሰዳደብን፣ ሳቅን። የተላክሁበትን ረሳሁት። ከእሱ ጋር ስንሆን ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ሰኞ 10፣ እየቸኮልኩ

የመጀመሪያው ታሪኬ ወደቀ። «ሰውየሽ ሰው አይደለም፣ ፖስተር ነው» አለችኝ ቢሆንስ። እውነቷን ነው። «ወየው፣ የአየር ንብረት ተለወጠ!» ብሎ የሚጮህ ሰው ጽፌ ነበር። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው እንዲህ ብሎ አይጮህም።

ሕጎቹን እንደገና ነገረችኝ። ውሃው ከተሰላው በላይ አይወጣም። የሚሆነው ሁሉ ሊሆን የሚችል ይሁን። ሰውየው የፈጠራ ይሁን፤ ማንም ሰምቶ «ይሄማ እገሌ ነው» እንዳይል።

«ለምን?» አልኳት። ደወል ተደወለ። ፈተና ነበረብኝ። መልሷን ሳልሰማ ሮጥኩ።

ሐሙስ 13፣ ማታ

አገኘሁት! ሰውየው መጣ። ራሱ በሩን ከፍቶ ገባ።

ጃንጥላውን ሻንጣ አደረግሁት። የኔ ሰውዬ ሻንጣ ይጠግናል። ጉልበቱን አላመመውም፣ ወገቡን ነው የሚያመው። ስለዚህ ማንም አያውቀውም። መነጽሩን በክር ማሰሩን እንዳለ ተውኩት፤ መነጽሩን በክር የሚያስር ሰው በዓለም ላይ ብዙ ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ዕቃዎቹን መቆጣቱንም። ያም ብዙ ነው።

ጥቂቱን እዚህ ልገልብጠው፣ ደስ ስላለኝ፦

«‹አንቺ ቀይዋ› ይላታል ሻንጣዋን፣ ‹ዚፕሽን ዝጊ! ሰው ፊት እንዲህ አይከፈትም!› ሰዎች ውጣ አሉት። አልወጣም አለ። ውሃው ሌሊት መጣ። በበሩ ሥር ገባ፣ እንዳልተጠራ እንግዳ ቀስ ብሎ። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ‹እኔን ውሃ አይደፍረኝም› አለ። ውሃው ግን አያውቀውም ነበር። ጠዋት ሻንጣዎቹ መንገዱ ላይ ተሰልፈው ሲንሳፈፉ ታዩ። ቀይዋ ዚፕዋን ዘግታለች።»

መጨረሻው ላይ ራሴ ጽፌ ራሴ አለቀስኩ። ጥሩ ምልክት ነው።

ዓርብ 14

ቢሆንስ አነበበችው፣ ሳቀች፣ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ መስኮቱን ብቻ ስታይ ቆየች። «ይህ ሰው ይኖራል» አለች። ወዲያው ደግሞ፣ «ከማን ወሰድሽው?»

«ከጭንቅላቴ።»

ውሸት አይደለም። አያቴም ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ያለው።

እሁድ 16፣ ማታ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አያቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፣ ለሠርግና ለባንክ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ። የልጅ ልጁ ልታነብ ነዋ። አጠገቡ ላለው ሁሉ እየዞረ ሲናገር ከመድረኩ ሆኜ አየሁት።

ልጆቹ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን መስመር አነበቡ። ሰው አዛጋ። ከዚያ እኔ ተነሳሁ።

የሰውየውን ድምፅ አስመሰልኩት። አላሰብኩበትም፤ አፌ ራሱ አደረገው። ሳሉን፣ «አንቺ ቀይዋ» ሲል ጣቱን የሚያነሳበትን ሁሉ። ሳቁ አዳራሹን አናወጠው። ፀጉር ቆራጩ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ዞሮ ሁለተኛውን ረድፍ አየ። ከዚያ ሌላው ዞረ። ከዚያ ሁሉም ዞሩ። እኔ ግን ማንበቤን ቀጠልኩ፤ ሰው እየሳቀ እንዴት ይቆማል?

ውሃው ሲገባ ግን ጸጥ አለ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በሕይወቴ አልሰማሁም። ስጨርስ ተነስተው አጨበጨቡልኝ። አያቴም አጨበጨበ። ስለዚህ ወዶታል ማለት ነው።

«እንዴት ነበር አባባ?» አልኩት ደጅ ላይ።

«ጥሩ ታነቢያለሽ። ከኋላ ሁሉ ይሰማል» አለኝ።

ክንዴን አልያዘኝም። መንገዱ ደረቅ ስለነበር ይሆናል።

ማክሰኞ 18

ታዋቂ ነኝ። ዳቦ ቤት ሳይቀር «ደራሲዋ መጣች» አሉኝ።

ፀጉር ቆራጩ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ወደ አያቴ ጮኸ፦ «ነፍስ ይማር!» አያቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሕፃናቱ «ሟቹ! ሟቹ! የእማዬ ጃንጥላ አለቀ?» ይሉታል። ጃንጥላውን ሰጣቸው። ሰፈሩ ቀልደኛ ነው።

ዓርብ 21

አያቴ ሱቁን በቀን ዘጋ። ዝናብ እያካፋ! «አመመህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ» አለ። ሬዲዮ አላለኝም። «የዛገው ሽቦ» ብዬ ጠበቅሁት። «አቤት» አለኝ።

አቤት? ለኔ?

እናቴን ጠየቅኋት። ደክሞት ነው አለች። ደክሞት ይሆናል።

ሰኞ 24

የሱቁ ድምፅ በወለሉ በኩል ይሰማል። ማዳመጥ አይደለም፤ ወለሉ ነው ቀጭኑ። እናቴ እራት ይዛለት ወርዳ ነበር።

«ለምን አትከፍትም አባዬ? ደንበኞችህ እኮ እኔን መጠየቅ ጀመሩ።»

«ሰው ከቀበረኝ በኋላ ሱቅ መክፈት ከበደኝ።»

«ቀልድ ነው እኮ። ልጅ ናት።»

«ልጅ መሆኗን አውቃለሁ። እሷን አልወቀስኩም። ግን አንዱ ጃንጥላውን ሊያሠራ ሲመጣ ፊቴን ትቶ ጠረጴዛዬን ነው የሚያየው። ስንት ቁመት እንዳለው ይለካል።»

እናቴ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ቆመ። እኔ ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁት። ዜና ነበር። ምን እንዳለ አላስታውስም።

ረቡዕ 26

ፀጉር ቆራጩ ጋ ሄድኩ። አንዱን ሳሙና ቀብቶ ግማሽ ላጭቶታል።

«ጋሼ፣ አያቴን ሟቹ ማለት ይተዉ።»

«ምን አጠፋሁ?» አለ፣ ምላጩን አየር ላይ ይዞ። «የገደልሽው አንቺ፤ እኔ ለቅሶ ደረስኩ እንጂ!»

ግማሽ የተላጨው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ። ወጥቼ መንገዱን ከተሻገርኩ በኋላ ሦስት ጥሩ ጥሩ መልስ መጣልኝ፤ ምን ያደርጋል። ደግሞም አንዳቸውም እውነት አልነበሩም።

ሐሙስ 27

ይቅርታ ልጠይቀው ወረድኩ። በደረጃው ላይ ሁሉ ስለማመደው ነበር። «አባባ፣ ይቅርታ፣ አላሰብኩም ነበር።» ይኸው ነው፣ አጭር ነው፣ ሕፃን ይለዋል።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን እያጠፈ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

«አባባ፣ ከሞት ተነሳህ እንዴ?» አልኩት።

ከአፌ የወጣው ይሄ ነው። ይሄ! ይቅርታውን ምላሴ ቀደመው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ራስ ሲመለጥስ ፀጉር ቆራጭ ያውቃል። አያችሁ? አሁንም እየቀለድኩ ነው።

አያቴ ፈገግ ብሎ ካልሲውን ማጠፍ ቀጠለ።

ቅዳሜ 29

አጎቴ በመኪና መጣ። አያቴ ራሱ ነው የደወለለት። አንድ ሻንጣ ብቻ ያዘ። የተጠገኑትን ጃንጥላዎች ለባለቤቶቻቸው እንዲሰጥለት ለፀጉር ቆራጩ አስረከበው፤ ፀጉር ቆራጩ ዛሬ ምንም አልቀለደም፣ መሬት መሬት ያያል። መሣሪያዎቹን ግን አልወሰደም።

እናቴ በደስታ ታለቅሳለች። «ስንት ዓመት ለምነነው እምቢ ያለ ሰው! ታሪክሽ አዳነው እኮ!» አለችኝ፣ አቀፈችኝ።

አያቴ ጨበጠኝ። እንደ ባንክ ሥራ አስኪያጅ። «በርቺ» አለኝ። ከዚያ መኪናው ኮረብታውን ወጣ። ዝናብ አልነበረም።

ሐሙስ 4

ወይዘሮ ቢሆንስ ሰምታለች። ፊቷ በርቷል። ሪፖርቱ ላይ ልታስገባው ነው፦ አንድ አረጋዊ ነዋሪ ታሪኩን ከሰሙ በኋላ በፈቃዳቸው ከአደጋው ቦታ ለቀቁ። «በሰንጠረዥ አንድም ሰው አስነስቼ አላውቅም» አለችኝ። «አንቺ አስነሳሽ።»

«ውሃውን ፈርቶ አይደለም የሄደው» አልኳት።

«ታዲያ ምን?»

የቦርሳዬን ማንገቻ ማጠማዘዝ ጀመርኩ። እሷ ቀስ ብላ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ሻንጣ ጠጋኙ እሱ ነበር?»

«አያቴ ጃንጥላ ነው የሚጠግነው።»

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሰውየው ማንም ሊሆን ሲችል እያንዳንዱ ራሱን ያየዋል፣ ከዚያ ስለ ራሱ በር ያስባል። አንድ የታወቀ ሰው ከሆነ ግን ሁሉም ወደ እሱ ይዞራል፤ ስለ ራሱ ማሰብ ያቆማል። ያኔ ጥናት መሆኑ ይቀርና ሐሜት ይሆናል።» ከዚያ ደግሞ፣ «ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ‹ይህ ሰው ይኖራል› ስልሽ ገብቶኝ ነበር። ታሪኩ ስላማረኝ ደግሜ አልጠየቅሁሽም» አለች።

ከሪፖርቱ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘችው። እኔ ፊት፣ በእስክሪብቶ። ከዛሬ ጀምሮ ስሟን እለውጥላታለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ሌላ ስም አልመጣልኝም።

ማክሰኞ 16

መጣ። ከሰዓት በኋላ፣ በቀን ብርሃን። ትምህርት ቤት ቀድሞ ለቀቀን። እናቴ ክሊኒክ ነበረች።

ከወንዙ አልነበረም መጀመሪያ የመጣው፤ ከመንገዱ ቱቦ። ቡናማ ውሃ፣ ጠርሙስ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጫማ። ወደ ሱቁ ወረድኩ። የሽቦ ሳጥኖቹን ወደ ላይ አወጣሁ። መቆንጠጫዎቹን አወጣሁ። አልጋው ሲነሳ አየሁት፤ ተነስቶ ትንሽ ዞረና ግድግዳውን ነካ። ውሃው ጠረጴዛው አፍ ሳይደርስ ቆመ። ሁለተኛው መስመር መሆኑ ነው እንጂ ሦስተኛው አይደለም።

አያቴ ቢኖር ኖሮ ይራገም ነበር። እኔም እጁን ይዤ ደረጃውን አወጣው ነበር፤ እሱ ጉልበቱን፣ እኔን፣ ሳይንስን እየሰደበ። ደረጃው አጭር ነው። ዛሬ ሰባት ጊዜ ይሁን አሥር ጊዜ ተመላለስኩበት፣ አላደከመኝም።

ማታ ሰፈሩ ሁሉ ጭቃ እየጠረገ፣ «እንኳን ሄደ! ይህች ልጅ አተረፈችው!» ይላል። ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ሁሉ ዛሬ ተገኝቷል። ፀጉር ቆራጩ የሱቁን ጭቃ ጠርጎ አውጥቶልኝ፣ ምንም ሳይል ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ሄደ። እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ። ምስጋና እንዲህ እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር።

እሁድ 21

አጎቴ ቤት ሄድኩ። ሊፍቱ ተበላሽቷል። አራት ፎቅ ወጣሁ፤ አያቴ ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን ብቻ እንደወረደ የአጎቴ ሚስት በሩ ላይ ነገረችኝ።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ፣ ለእንግዳ እንደሚነሱት። ስለ ፈተናዬ ጠየቀኝ። ስለ እናቴ ጤና ጠየቀኝ። ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። መሣሪያዎቹ ላይ ቤት ደረቅ ቦታ እንዳሉ ነገርኩት። «እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። ከዚያ ወሬ አለቀብን። እኔና እሱ!

ስለዚህ አልኩት። ሳልቀልድ፣ በአንድ ትንፋሽ፦ «አባባ፣ አንተን ነው የጻፍኩት፤ ድምፅህንም ሆን ብዬ ነው ያስመሰልኩት፤ ይቅርታ፣ ወደ ቤት ተመለስ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ታች መኪኖች ያልፋሉ፤ ከዚያ ላይ ሲታዩ ድምፅ የላቸውም።

«በሞቴ አልተቀየምኩም» አለ። «በኔ ዕድሜ ሰው ሲገድልህ አትደነግጥም። ሳቁም ያልፋል። አንድ ነገር ነው ያልገባኝ።»

«ምን?»

«ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ነበር አይደል? አንቺ የት ነበርሽ?»

«እኔ?» አልኩት። «እኔ እኮ ታሪኩ ውስጥ የለሁበትም።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለ።